ትንሽ አመል አላት እንጂ…

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ መኪና ሲሸጥ፣ ዋጋው ተቆርጦ፣ ደላላው ኮሚሽኑን በልቡ ቆጥሮ፣ ሊብሬው ከኪስ ወጥቶ ኮፈኑ ላይ ከተቀመጠ በኋላ የምትመጣ አንዲት ደቂቃ አለች። ሻጩ ጉሮሮውን ይጠራርግና «ሁሉ ነገሯ ንጹህ ነው፤ ትንሽ አመል አላት እንጂ» ይላል። ከዚያ አመሏ ይዘረዘራል። ጠዋት ስትነሳ ቁልፏ ሁለቴ መዞር አለበት። የኋላ ቀኝ በሯ ከውጭ እንጂ ከውስጥ አይከፈትም። ፍሬኗ የሚይዘው «ትንሽ ወረድ ብሎ» ነው። ዳሽቦርዷ ላይ የምትበራዋ ቢጫ መብራት ደግሞ ከድሮም እንዲያው ናት፣ ምንም አታመጣም። ገዢው እሺ እሺ እያለ ይሰማል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ይህንኑ ለሌላ ገዢ ይናገራል፣ ሁለት ሦስት አመል ጨምሮበት።

መካኒክ ጋ ሲኬድም ወሬው ከዚህ አይርቅም። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ፣ በካቻቢቴው ወዲህ ወዲያ ጎርጎር አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ያንተ መኪና ችግር አይደለም፤ የሞዴሏ ነው፤ ሁሉም እንደዚህ ናቸው» ብሎ ያጽናናል። ባለመኪናውም ይጽናናል፤ ለብቻ ከመቸገር ከብዙ ሰው ጋር መቸገር ይሻላል። ነገር ግን ያቺው «ሁሉም እንደዚህ ናቸው» የምትለው ንግግር አሜሪካ ውስጥ ማጽናኛ ሳትሆን ክስ ናት። አንዲት መኪና ብቻዋን ብትበላሽ የባለቤቷ ዕጣ ነው። ሁሉም አንድ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ብልሽት ከተበላሹ፣ ብልሽቱም ሰው የሚጎዳ ከሆነ፣ ዕዳው የሠሪው ነው። ሠሪው ባለቤቶቹን በደብዳቤ ጠርቶ በነጻ የማስተካከል ግዴታ አለበት። ሪኮል የሚባለው ይህ ነው።

ባለቤቶቹን የማሳወቁ ግዴታ በአሜሪካ ሕግ የሆነው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1966 ነው፤ በነጻ የማስተካከሉ ደግሞ በ1974 ተጨመረበት (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች፣ አዋጅ ካልተጠራ በቀር፣ ሁሉም የፈረንጅ ናቸው)። ከ1966 በፊት አደጋ ሲደርስ ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው ወደ ሹፌሩ ነበር፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ነገሩን የገለበጠው ራልፍ ናደር የተባለ ወጣት ጠበቃ ነው። በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ መኪኖቹን በስም እየጠራ አብጠለጠላቸው፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ የጄኔራል ሞተርስን ኮርቬር። ኩባንያው መልስ እንደመጻፍ የግል መርማሪ ቀጥሮ የሰውየውን ገመና ማስፈለግ መረጠ። የናደር ገመና ሳይገኝ የመርማሪዎቹ ገመና ወጣ፤ በመጋቢት 1966 የኩባንያው ፕሬዚዳንት ጄምስ ሮሽ ሴኔት ፊት ቀርበው ይቅርታ ጠየቁ። ናደርም ከስሶ 425 ሺህ ዶላር በስምምነት ተቀበለና ገንዘቡን እነዚያኑ ኩባንያዎች ለመከታተያ አዋለው። ለፍርድ ያህል አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል፤ በ1972 የወጣ የመንግሥት ጥናት ኮርቬር በአነዳድ ከዘመኗ እኩዮች የባሰች አይደለችም ብሏል። ይህ ለኮርቬር ምስጋና ይሁን ለእኩዮቿ ወቀሳ እስከ ዛሬ አልተለየም።

ዛሬ አንድ አሜሪካዊ ባለመኪና ሲከፋው ለብሔራዊው የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት ይደውላል ወይም ይጽፋል። ቅሬታው ስሙ ተሰርዞ ለሕዝብ ይፋ ይሆናል። በስልክ የተቀበሏቸው ቅሬታዎች የሚጀምሩት በአንድ ደረቅ ቀመር ነው፦ ደዋዩ የዚህ ዓመት የዚህ ዓይነት መኪና ባለቤት ነው፤ በሰዓት ይህን ያህል ማይል እየነዳ ሳለ… ከዚያ ጭሱ ይመጣል፣ ጩኸቱ ይመጣል፣ ሞተሩ ይጠፋል። ወደ መጨረሻው ላይ ደግሞ ደጋግማ የምትመጣ አንዲት መስመር አለች፦ መኪናው በሻጩ ኩባንያ ጋራዥ ታይቷል፤ ጋራዡ ችግሩን ሊያገኘው አልቻለም። ይህችን መስመር የሚያነብ የአዲስ አበባ ሰው ወንድሙን ያገኘ ያህል ይሰማዋል። ሳምንቱን ሙሉ ስታቃስት የከረመች መኪና መካኒኩ ፊት ስትደርስ ድምጿን አጥፍታ ጨዋ የምትሆነው እዚህ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

እንግዲህ ሕግ አለ፣ መሥሪያ ቤት አለ፣ ደብዳቤ አለ። ሆኖም «ትንሽ አመል አላት» ብሎ ማለፍን የሚያውቁበት የእኛ ሻጮች ብቻ እንዳልሆኑ ከጄኔራል ሞተርስ በላይ ያሳየ የለም።

የዚህ ኩባንያ ሥሪት በሆኑት ሼቭሮሌት ኮባልትና ሳተርን አዮን በተባሉ አነስተኛ መኪኖች የቁልፍ ማስነሻ ውስጥ፣ ቁልፉን ባለበት የሚያቆም አንድ ትንሽ ባለስፕሪንግ ዘንግ አለ። ቁልፍ ሲዞር ቀጭ የሚያደርገው እሱ ነው። ያ ዘንግ ከሚገባው አጥሮ ተሠራ። ስለዚህ ቁልፉ ላይ የቤቱም፣ የቢሮውም፣ የእናት ቤቱም ቁልፍ ተሰክቶ ከከበደ፣ መንገዱ ጎርበጥ ባለ ጊዜ ወይም የሹፌሩ ጉልበት በነካው ጊዜ ቁልፉ በገዛ ራሱ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ሞተሩም በጉዞ ላይ ቀጥ ይላል። ሞተር ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑ ይደነድናል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ኤርባጉ ነው፤ ቁልፉ ወደ ኋላ የዞረበትን መኪና እንደ ቆመ ይቆጥረዋል፣ ግጭት ሲመጣም አይነፋም።

መሐንዲሶቹ ይህን ያወቁት ገና በጠዋቱ ነው። ኩባንያው ግን በጉዞ ላይ ሞተር መጥፋትን «የደንበኛ ምቾት» ጉዳይ ብሎ መደበው፤ ልክ ወንበሩ ትንሽ እንደጠነከረ፣ ራዲዮው ትንሽ እንደሻከረ። በ2005 መጨረሻ ለሻጮቹ የተላለፈው መፍትሔም የዚያው ቤተሰብ ነበር፦ ደንበኞች ቁልፋቸው ላይ የማያስፈልግ ነገር እንዳያንጠለጥሉ ምከሩልን። በ2006 ዘንጉ በጸጥታ ረዘመ። ጉዱ እዚህ ላይ ነው፤ ዕቃው ሲቀየር የዕቃው ቁጥር አልተቀየረም። መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ያለ ዕቃ ሻጭ እንኳ ደንበኛው ጋር የሚከራከረው በቁጥር ነው፤ ቁጥሩ አንድ ከሆነ ዕቃው አንድ ነው፣ አለቀ። የኩባንያው የራሱ መርማሪዎችም እንዲሁ አስበው፣ የቀድሞዎቹ መኪኖች እየጠፉ የኋለኞቹ ለምን እንደማይጠፉ ለመረዳት ዓመታት ፈጀባቸው።

ሪኮሉ የመጣው በ2014 ሲሆን ቁጥሩ 2.6 ሚሊዮን መኪና ደረሰ። ኩባንያው ያቋቋመው የካሳ ፈንድ ከዚህ ዕቃ ጋር አያይዞ የተቀበለው ሞት 124 ነው። ምክር ቤት ውስጥ የተነሳው የማስተካከያው ዋጋ ደግሞ 57 ሳንቲም። የዶላር ሳንቲም ነው፤ ቢሆንም ሳንቲም ነው።

በዚያው ዓመት ከኩባንያው መዝገብ የወጣ አንድ ሰነድ ግን፣ ሐዘኑ ባይኖር ኖሮ፣ ለብቻው መድረክ ላይ የሚቀርብ ቀልድ ነበር። በ2008 ለሠራተኞች በተሰጠ ማብራሪያ ላይ ሪፖርት ሲጻፍ እንዳይገቡ የተከለከሉ 69 ቃላትና አባባሎች ተዘርዝረዋል። «ጉድለት» አይባልም፤ «በንድፉ መሠረት የማይሠራ» ይባላል። «ችግር» አይባልም፤ «ሁኔታ» ይባላል። «ታይታኒክ» ክልክል ነው። «የሞት ወጥመድ» ክልክል ነው። «ተሽከርካሪ የሬሳ ሣጥን» ክልክል ነው። «ሁልጊዜ» እና «በፍጹም» እንኳ አልቀሩም። ከሁሉ በላይ ደግሞ መጽሐፍ ቅዱሳዊ ቃና ያላቸው አባባሎች በሙሉ ክልክል ናቸው። እነዚህ ቃላት በክልከላ ዝርዝር ውስጥ የገቡት ቀድሞ አንዱ መሐንዲስ ቢጽፋቸው ነው ብሎ መጠርጠር ኃጢአት አይሆንም። የእኛ መካኒኮች ይህ ሕግ ቢወጣባቸው ሥራ ያቆሙ ነበር፤ «በስመ አብ!» ሳይል ኮፈን የሚከፍት መካኒክ ከየት ይመጣል?

ኩባንያው ራሱ ባስጠናው ምርመራ ደግሞ ሁለት ልማዶች ስም ወጥቶላቸው ተገኙ። አንደኛው «የጂኤም ንቅናቄ» ነው (ጂኤም ማለት ጄኔራል ሞተርስ ነው)፦ ስብሰባ ላይ ሁሉም ለቀረበው ሐሳብ ራሱን በአዎንታ ነቅንቆ ይወጣል፣ ከወጣ በኋላ ግን ማንም ምንም አያደርግም። ሁለተኛው «የጂኤም ሰላምታ» ነው፦ ሁለት እጅን ደረት ላይ አጣምሮ፣ ጣትን በግራና በቀኝ ወደ ጎረቤት መቀሰር። እነዚህን ለመረዳት የአማርኛ አንባቢ ትርጓሜ አያሻውም፤ ቢሮ የገባ ሁሉ ያውቃቸዋል። 15 ሠራተኞች ተባረሩ፤ በ2015 ኩባንያው ከፍትሕ መሥሪያ ቤት ጋር በ900 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ።

ፎርድም የራሱ ታሪክ አለው፤ አጭር ቢሆንም አይታለፍም። በ1970ዎቹ የፎርድ አውቶማቲክ መኪኖች ሞተራቸው እየሠራ «ፓርክ» ላይ ሲቆሙ፣ አንዳንዶቹ በራሳቸው ጊዜ ሸርተት ብለው ወደ ኋላ ማርሽ ይገቡ ነበር። ሹፌሩ የግቢውን በር ሊከፍት ወርዷል፤ መኪናው ያለ ሹፌር ይመጣል። ቅሬታው በሺህ ተቆጠረ፤ የሞቱ ሰዎችም ነበሩ። የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤቱ ሪኮል ሊያዝ ተቃረበ። በ1980 ማብቂያ ግን በድርድር የተገኘው መፍትሔ ተለጣፊ ወረቀት ሆነ። ፎርድ ለ23 ሚሊዮን ገደማ መኪኖች ባለቤቶች ዳሽቦርድ ላይ የሚለጠፍ ማስጠንቀቂያ በፖስታ ላከ፦ ማርሹ ፓርክ ውስጥ በደንብ መግባቱን ያረጋግጡ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ሞተር ያጥፉ። ከእጅ አይሻል ዶማ። ታክሲ ውስጥ የሚለጠፉት የእኛ ጥቅሶች ቢያንስ ያስቃሉ።

ደግነቱ ሪኮል ሁሉ እንዲህ ጨለማ አይደለም፤ ሸረሪት ያለበትም አለ። በ2011 ማዝዳ በሰሜን አሜሪካ 65 ሺህ ያህል ማዝዳ 6 መኪኖችን ጠራ። ምክንያቱ ቢጫማ የሆነች አንዲት የሸረሪት ዝርያ ናት። ሸረሪቷ የቤንዚን ሽታ ትወዳለች፤ ስለዚህ ከነዳጅ ታንኩ ትነት በሚወጣበት ቀጭን ቱቦ ገብታ ድሯን ታደራለች። ቱቦው ሲዘጋ ታንኩ አየር ያጥረዋል፣ ውስጡ እየተሳበ ይጨነቃል፣ በመጨረሻም ሊሰነጠቅና ነዳጅ ሊያፈስ ይችላል። ማዝዳ ቱቦው አፍ ላይ ሸረሪት የማታሳልፍ ስፕሪንግ አስገባ። ሸረሪቷ ግን በስፕሪንጉ ብዙም አልተደነቀችም፤ በ2014 ኩባንያው 42 ሺህ መኪኖችን በድጋሚ ጠርቶ በዚህኛው ዙር ሸረሪቷን ትቶ የመኪናውን ኮምፒውተር አስተካከለ፣ ታንኩ እንዳይጨነቅ። በመካከሉ፣ በ2013፣ ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ ከ800 ሺህ በላይ መኪኖችን ጠራ፤ እዚያም ሸረሪት የአየር ማቀዝቀዣውን የውሃ መውረጃ ቱቦ በድሯ ደፍና፣ ውሃው ኤርባጉን በሚቆጣጠረው ዕቃ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ኤርባጉ ያለ ግጭት ሊነፋ ይችል ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዱር አንበሳ ነው፤ ቶዮታን ለማሰር ማበርም አላስፈለገው።

ባለመኪና ሁሉ ልክ ነው ማለት ግን አይደለም። በኅዳር 1986 የአሜሪካው «ስድሳ ደቂቃ» የቴሌቪዥን ፕሮግራም አውዲ 5000 የተባለች መኪና ፍሬን እየተረገጠች በገዛ ፈቃዷ እንደምትፈተለክ የሚናገሩ ባለቤቶችን አቀረበ። በምስል የታየችው መኪና ግን ሆን ተብሎ የተበጀች ነበረች። ሽያጩ ተንኮታኮተ፤ በ1985 አሜሪካ ውስጥ 74 ሺህ ያህል መኪና የሸጠው አውዲ በ1991 ወደ 12 ሺህ ገደማ ወረደ። በ1989 የመንግሥት መርማሪዎች ጉዳዩን ዘግተው ሲያቀርቡ፣ አብዛኛው ነገር ፍሬን የረገጡ የመሰላቸው ሰዎች ነዳጅ መርገጣቸው ነው አሉ። ከዚህ ሁሉ የተረፈ አንድ ጥሩ ነገር አለ፤ ዛሬ አውቶማቲክ መኪና ፍሬን ሳይረገጥ ከፓርክ የማይወጣው የዚያ ጭቅጭቅ ውርስ ነው።

ከሃያ ዓመት በኋላ ተመሳሳይ ጩኸት በቶዮታ ላይ ሲነሳ፣ ነገሩ ቀላል አልነበረም። በነሐሴ 2009 ካሊፎርኒያ ውስጥ አራት ሰዎች ያለቁበት ሌክሰስ ከሌላ ሞዴል የመጣ ወፍራም የእግር ምንጣፍ ተነጥፎበት፣ ምንጣፉ የነዳጅ መርገጫውን ይዞ አስቀርቶት ነበር። ሚሊዮኖች መኪኖች ተጠሩ፤ ጋራዦች የነዳጅ መርገጫውን ከታች ቆርጠው አሳጠሩ። ሌላ የሚጣበቅ መርገጫም ተገኘና እሱም ተጠራ። የኩባንያው ፕሬዚዳንት አኪዮ ቶዮዳ በየካቲት 2010 የአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀረቡ። ኮምፒውተሩ ይሆናል የሚለውን ጥርጣሬ የናሳ መሐንዲሶች ሳይቀሩ መርምረውት በ2011 የኤሌክትሮኒክስ ጥፋት አላገኘንም አሉ። በ2014 ግን ቶዮታ ስለ ምንጣፉና ስለ መርገጫው ሕዝብን አሳስቷል ተብሎ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ። ይህን ታሪክ መኪናው ውስጥ ምንጣፍ በምንጣፍ ላይ ለሚደራርብ፣ የመጀመሪያውን እንዳይቆሽሽ በሁለተኛው፣ ሁለተኛውን በላስቲክ ለሚሸፍን የከተማችን ሰው መንገር መልካም ነው፤ ባይሰማም።

ኢትዮጵያን በቀጥታ የሚነካው ግን የታካታ ጉዳይ ነው። ታካታ በ1933 በጨርቃ ጨርቅ ሥራ የተጀመረ የጃፓን ኩባንያ ነው፤ በኋላ የደህንነት ቀበቶ፣ ቀጥሎም ኤርባግ መሥራት ያዘ። ኤርባግን የሚነፋው ትንሽ የብረት ጣሳ ውስጥ ያለ ተቀጣጣይ ቅመም ሲሆን፣ የሚታሸገው እንደ ክኒን ተጠፍጥፎ ነው። ታካታ ለዚህ ሥራ ርካሹን አሞኒየም ናይትሬት መረጠ። ይህ ቅመም እርጥበት ይስባል። ቀን በሙቀት፣ ሌሊት በቅዝቃዜ፣ ለዓመታት ሲያብጥና ሲሟሽሽ ክኒኑ ይፈረፈራል፤ የተፈረፈረ ክኒን ደግሞ ሲቀጣጠል ከሚገባው በላይ ፈጥኖ ይነድዳል፤ ጣሳው ይፈነዳል፣ ስባሪው በኤርባጉ አልፎ ሹፌሩ አንገትና ፊት ላይ ያርፋል። ፓራውርት ብቻ በሚያጎብጥ ትንሽ ግጭት የሞቱ ሰዎች አሉ።

ነገሩ የጀመረው በ2008 ሆንዳ በጠራቸው 4 ሺህ ገደማ መኪኖች ነው። እየሰፋ ሄዶ 19 መኪና ሠሪዎችንና አሜሪካ ውስጥ ብቻ 67 ሚሊዮን የኤርባግ መንፊያ አዳረሰ፤ በዓለም ታሪክ ትልቁ የመኪና ሪኮል ሆነ። መለዋወጫው አልበቃ ሲል ለአንዳንዶቹ አሮጌው ወጥቶ ያው ዓይነት አዲስ ገባላቸው፣ ዕድሜ ሲጨምር በድጋሚ እስኪወጣ። በጥር 2017 ኩባንያው ጥፋቱን አምኖ 1 ቢሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ፤ በሰኔ ከሰረ።

የጥሪው ዝርዝር ውስጥ ከ2000 ወዲህ የተሠሩ ኮሮላዎች፣ ቪትዞችና ያሪሶች አሉ። ይህን የሚያነብ አዲስ አበቤ ዝርዝሩን ትቶ በመስኮት ውጭ ቢያይ ይሻለዋል፤ እዚያው ቆመዋል። የደጋው አየር ቀዝቀዝ ማለቱ ይጠቅማል፤ ችግሩ ከእነዚህ መኪኖች ስንቶቹ ወደ አዲስ አበባ ከመምጣታቸው በፊት በባሕረ ሰላጤው ሙቀትና ወበቅ እንደከረሙ ሊብሬው አይናገርም። ደብዳቤውስ? ደብዳቤ እንደሆን በየአገሩ ተልኳል። የደረሰው ግን መኪናዋ መጨረሻ በተመዘገበችበት አገር ለነበረው ባለቤት ነው። ያ ሰው ናጎያ ወይም ብራስልስ ቁጭ ብሎ ድሮ የሸጣትን መኪና ኤርባግ እንዲያስቀይር ተለምኗል፤ መኪናዋ በዚያ ሰዓት መገናኛ ላይ መብራት ትጠብቃለች። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረላቸው መኪኖች ዘንድ ጥያቄው ከናካቴው ሌላ ነው፤ ኤርባጉ ይፈነዳ ይሆን ሳይሆን፣ አለ ወይ? አንዳንድ ጋራዥ ኤርባጉ አንዴ የተነፋበትን መኪና ሲጠግን ሽፋኑን አጣብቆ፣ ዳሽቦርድ ላይ ያለችውን የኤርባግ መብራት ነቅሎ ያስረክባል። መብራቷ ስለማትበራ ገዢው ደስ ይለዋል።

ጃፓን ከግንቦት 2018 ጀምሮ አደገኛው የታካታ ኤርባግ ያልተቀየረለትን መኪና በምርመራ አላሳልፍም ብላለች። እኛም ዘንድ ምርመራ አለ፤ አዋጅ ቁጥር 681/2002 አለ፣ ቦሎ አለ፣ ቦሎ ለማውጣት ሰልፍ አለ። የቻንሲ ቁጥር ይነበባል፤ የሚነበበው ግን ከሊብሬው ጋር ለማመሳከር ነው። ያንኑ ቁጥር የሠሪው ኩባንያ የሪኮል መፈለጊያ ላይ ለማስገባት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሰልፉ ላይ ቆሞ በስልክ የሚያደርገው ሰው ቢኖር ሰልፉም ቶሎ ባለቀለት።

እንዲያም ሆኖ የኢትዮጵያ ሕዝብ ቅሬታውን የሚያሰማበት የራሱ መንገድ አላጣም፤ ስም ያወጣል። በአገር አቋራጭ መንገድ ላይ በፍጥነታቸውና በአደጋቸው ያስመረሩትን የኢሱዙ ጭነት መኪኖች «አልቃይዳ» ብሏቸዋል፤ ሲኖትራክን ደግሞ «ቀይ ሽብር»። ከዚህ የባሰ ቅሬታ የትም መሥሪያ ቤት አይመዘገብም፤ የጄኔራል ሞተርስ ዝርዝር 69 ላይ የቆመውም እነዚህን ስላልሰማ ይሆናል። እርግጥ እዚህ ስሙን ከመኪናው ይልቅ ያተረፉለት ጭነቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱና ጫቱ ናቸው የሚል ክርክር አለ፤ ክርክሩም ከአውዲው ብዙ አይርቅም።

ደብዳቤው በትክክል የሚደርሳቸው ኢትዮጵያውያንም አሉ። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያሉት የዋሽንግተን አካባቢ ታክሲና ኡበር ነጂዎች ፖስታ ሳጥናቸው ውስጥ ያገኙታል፤ ላዩ ላይ በትልቁ አስቸኳይ የደህንነት ሪኮል ይላል። ጥገናው በነጻ ነው። ነጻ ያልሆነው ቀኑ ነው። ሻጩ ጋራዥ ቀጠሮ ይሰጣል፣ መኪናው ግማሽ ቀን ይቆማል፣ የዚያ ግማሽ ቀን ገቢ ለማንም አይመለስም። ስለዚህ ደብዳቤው ከማስታወቂያው ጋር ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ሲመጣ ከሥሩ ይገባል። ሪኮል ወጥቶባቸው ሳይጠገኑ የሚነዱ ሚሊዮኖች መኪኖች አሜሪካ ውስጥ ያሉት ደብዳቤ ስላልተላከ አይደለም።

አሁን ደግሞ ዘመኑ የኤሌክትሪክ ሆኗል፤ አመሉም አብሮ ተሻሽሏል። በ2021 ጄኔራል ሞተርስ የሼቭሮሌት ቦልት ባትሪ ሊቃጠል ስለሚችል ሁሉንም 142 ሺህ ገደማ መኪኖች ጠራና፣ እስኪጠገኑ ድረስ ከቤት ውጭ፣ ከሌላ መኪና 15 ሜትር ያህል ርቀው ይቁሙ አለ። ቦሌ ላይ በአሥራ አምስት ሜትር ውስጥ የሚቆሙትን መኪኖች ያየ ሰው ይህን ምክር ለፓርኪንግ ሠራተኛው ቢነግረው ሒሳቡን ለአምስት መኪና ይጠየቃል። በ2022 ቶዮታ ቢዚ4ኤክስ የምትባለውን የኤሌክትሪክ መኪናውን ለገበያ አውጥቶ ወር ከምናምን ሳይሞላት ጠራት፤ ጎማዋን የሚይዙት ቡሎኖች እየላሉ ጎማው ሊወልቅ ይችል ነበር። ይህ የሶፍትዌር ችግር አይደለም፣ የጎሚስታ ችግር ነው። ቡሎን ሲያጠብቅ መፍቻው ላይ በሁለት እግሩ ቆሞ የሚዘል የሰፈራችን ጎሚስታ ቶዮታ ሲቲ ተጠርቶ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ በአንድ ከሰዓት ያልቅ ነበር። በ2024 ቴስላ ዳሽቦርድ ላይ የሚታዩት የማስጠንቀቂያ ፊደሎች አነሱ ተብሎ 2.2 ሚሊዮን ያህል መኪናውን አስተካከለ፤ ከፋብሪካ በአየር በተላከ መልእክት፣ ባለቤቶቹ እንደተኙ። በዚያው ዓመት የዚሁ ኩባንያ ሳይበርትራክ 3,878ቱ በሙሉ ተጠሩ፤ የፍጥነት መርገጫው ሽፋን እየተንሸራተተ ሊሰነቀር ይችል ነበር። ምክንያቱ ሽፋኑ ሲገጠም እንዲገባ ሳሙና መቀባቱ ነው። ሳሙና ቀብቶ ማስገባት የየትኛው አገር ጋራዥ ጥበብ እንደሆነ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ዜና ኩራት ሳይጨምርለት አይቀርም።

በ2024 መግቢያ ኢትዮጵያ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የግል መኪና እንዳይገባ መከልከሏ ተነገረ፤ ከዚያ ወዲህ የአዲስ አበባ ጎዳና ለቻይና ገበያ በተሠሩ መኪኖች ተሞላ። ብዙዎቹ ስክሪናቸው የሚናገረው በቻይንኛ ነው። አንዳንድ ቀን፣ ሃያ ሁለት አካባቢ መኪናው ተጨናንቆ በቆመበት፣ ስክሪኑ ላይ ቀይ ሳጥን ብቅ ይላል፣ ከሥሩም ሁለት ቁልፍ። ባለቤቱ ስልኩን አውጥቶ በካሜራ ያስነብበዋል። ስልኩ አስቦ አስቦ ይተረጉማል፦ የተሽከርካሪዎ ደህንነት ስለሚያስፈልገው፣ በአቅራቢያዎ ወደሚገኘው የአገልግሎት ማዕከል ይሂዱ። ካርታው ሲከፈት ቅርቡ ማዕከል ጓንግዡ ውስጥ ነው። ከኋላ ክላክስ ይጮሃል። ባለቤቱ የቀኙን ቁልፍ ይጫናል፣ ሳጥኑ ይጠፋል፤ ቅዳሜ ሊገዛት ለቀጠረው ሰው ይህችንም ሳይደብቅ ይነግረዋል፣ አልፎ አልፎ ቻይንኛ ታወራለች፣ የቀኙን መጫን ነው ብሎ።